ፀጥ ያለው ቢሊዮን ዓመት

(ለጎልማሶች ትምህርት በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ ደብተርና እርሳሳችሁን ለጊዜው አስቀምጡ። ዛሬ የምንጽፈው የለም። ዛሬ የምናወራው ስለ ድንጋይ ነው።

ይህ ንግግር በኋላ ታትሞ ይደርሳችኋል። ያን ጊዜ ራሳችሁ ታነቡታላችሁ። ከበድ ያለ ቃል ሲገጥማችሁ አትደንግጡ። ቆም በሉ፤ ፊደሉን አንድ በአንድ አንብቡት፤ ከዚያ እለፉ።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ቀን ልጆችን አስተምራለሁ። ማታ ደግሞ እናቶቻቸውንና አባቶቻቸውን። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ሳለሁ ሕፃን እንዴት እንደሚማር ተምሬአለሁ። ጎልማሳ እንዴት እንደሚማር ግን ያስተማሩኝ የማታ ተማሪዎቼ ናቸው። ከእነሱም አንዷን በድያለሁ። የዛሬውን ወሬ ያመጣሁት በዚያ ምክንያት ነው። ነገሩን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። አሁን ወደ ድንጋዩ እንሂድ።

ለመሆኑ ምድራችን ስንት ዓመቷ ነው? የከርሰ ምድር ሊቃውንት 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይላሉ። ይህ ቁጥር አራት ቢሊዮን ተኩል ተብሎ ይነበባል።

ቢሊዮን ስንት ነው? አንድ ሺ ሚሊዮን ማለት ነው። ሲጻፍ 1 ብለን ከኋላው 9 ዜሮ እንደረድራለን። ይህን ማለት ቀላል ነው። መቁጠሩ ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው በየሴኮንዱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ፣ ሳይበላና ሳይተኛ ቢቆጥር ቢሊዮን ላይ ለመድረስ ከ31 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ቆጠራው ሲጀመር የተወለደ ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ ልጅ እስኪወልድ ቆጣሪው ገና እየቆጠረ ነው።

እንዲህ ያለ ጊዜ በልብ አይያዝም። እስቲ እናሳንሰው። የምድርን ዕድሜ በሙሉ አንድ ዓመት እናድርገው። በእኛው ወሮች እንቁጠረው።

ምድር መስከረም 1 ቀን ተፈጠረች እንበል። እንግዲህ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ እያልን እንሂድ። የካቲት 22 ገደማ በአየሩ ውስጥ ኦክሲጅን መታየት ጀመረ። ኦክሲጅን ማለት ስንተነፍስ ሰውነታችን የሚፈልገው የአየር ክፍል ነው። ከዚያ ሐምሌ 19 ገደማ በዓይን የሚታዩ እንስሳት በባሕር ውስጥ ታዩ። ነሐሴ 17 ገደማ ዳይኖሰር የሚባሉት አውሬዎች መጡ፤ ነሐሴ 30 ጠፉ። በአፋር ሐዳር እ.ኤ.አ. በ1974 አፅሟ የተገኘው ድንቅነሽስ? እሷ የኖረችው ጳጉሜ 5 ቀን፣ ዓመቱ ሊያልቅ 6 ሰዓት ገደማ ሲቀረው ነው። ሰው መጻፍ የጀመረውስ? የዓመቱ የመጨረሻ ሌሊት፣ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ሲቀር ነው።

ያውም ግማሽ ደቂቃ! ስለዚህ ፊደል ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው። እኔም እናንተም የዘገየን አይምሰለን።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። ከየካቲት ተነሥተን ወደ ሐምሌ ዘለልን። በመካከሉ ምን ነበር? ከሚያዝያ 11 እስከ ሐምሌ 1 ድረስ ያለው 80 ቀን የት ገባ?

የዛሬው ወሬያችን ስለዚያ 80 ቀን ነው። በእውነተኛው አቆጣጠር ከዛሬ 1.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ይጀምራል፤ ከዛሬ 800 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያልቃል። አንድ ቢሊዮን ዓመት ሙሉ ማለት ነው። ሊቃውንቱ ይህን ጊዜ ምን ብለው ሰየሙት መሰላችሁ? አሰልቺው ቢሊዮን አሉት!

ለምን እንዲህ አሉት? ነገሩ እንዲህ ነው። በጥንት ባሕር ውስጥ የኖራ ድንጋይ በንጣፍ በንጣፍ ይረጋል። የታችኛው ንጣፍ ቀድሞ የረጋ ነው፤ የላይኛው ኋላ የመጣ ነው። በዚህ ድንጋይ ውስጥ ካርቦን የሚባል ነገር አለ። ካርቦን ቀላልም ከባድም ዓይነት አለው። ሕይወት ያለው ነገር ቀላሉን ይመርጣል። ስለዚህ በባሕሩ ውስጥ ትልቅ ለውጥ ሲመጣ የቀላሉና የከባዱ ሚዛን ከፍ ዝቅ ይላል። ድንጋዩም ያን ይዞ ይቀራል። ሊቃውንቱ ድንጋዩን ፈጭተው ይለኩታል።

እ.ኤ.አ. በ1995 ሮጀር ቢዩክ የተባለ ሊቅና ባልደረቦቹ ከሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ የተገኘ የዚያን ዘመን ድንጋይ መርምረው ውጤቱን ጻፉ። ልኬቱ ከፍም ዝቅም አይልም፤ ያው ነው። ሐኪም በሽተኛን በየቀኑ ሲለካው ሙቀቱ ሁልጊዜ 37 ሆኖ እንደሚያገኘው ማለት ነው። እነሱም ይህ በምድር ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የደበዘዘው ዘመን ነው ብለው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ማርቲን ብሬዘርና ጆን ሊንድሴ የተባሉ ሊቃውንት የሰሜን አውስትራሊያን ድንጋይ መርምረው ስለዚሁ የረጋ ቢሊዮን ዓመት ጻፉ።

የድንጋዩን ዕድሜ በምን አወቁት ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ከእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ዚርኮን የሚባል እንደ አሸዋ የደቀቀ ጠጠር ይገኛል። ዚርኮን ሲፈጠር ዩራኒየም የሚባል ነገር ይይዛል። እርሳስ ግን ከሞላ ጎደል አይዝም። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን አይደለም፤ ከባዱን ማዕድን ማለቴ ነው። ዩራኒየሙ ቀስ እያለ ወደ እርሳስነት ይለወጣል። ይህ ለውጥ አይቸኩልም፣ አይዘገይም። ከዩራኒየም ዋናው ዓይነት ግማሹ እስኪለወጥ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ምን ያህሉ እንደተለወጠ የለካ ሰው ዕድሜውን ያውቃል። ሻማ ስንት እንደቀረው አይተን ከበራ ስንት ሰዓት እንደሆነው እንደምንገምተው ነው።

ደህና። አሁን ወደዚያ ዘመን እንሂድና ምድርን እንያት።

ቀኑ አጭር ነው። ምድር ያን ጊዜ ከዛሬው ፈጠን ብላ ትሽከረከር ነበር። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ተደምሮ 19 ሰዓት ያህል እንደነበረ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት አመልክቷል። ጨረቃም ከዛሬው ይበልጥ ቅርብ ነበረች። ፀሐይ ግን ጥቂት ደከም ያለች ነበረች።

በየብስ ላይ ሣር የለም። ዛፍ የለም። ዝንብ እንኳ የለችም። የወፍ ድምፅ፣ የበግ ድምፅ፣ የሰው ድምፅ አይሰማም። ዝናቡ በባዶ አለት ላይ ይወርዳል፤ ጎርፉ የሚይዘው ሥር አጥቶ ቁልቁል ይሮጣል። የሚሰማው ነፋስና ውሃ ነው። አልፎ አልፎም እሳተ ገሞራ።

አየሩ ለእኛ አይሆንም። ዛሬ ከ100 እጅ አየር 21 እጁ ኦክሲጅን ነው። በዚያ ዘመን የነበረውን አብዛኞቹ ግምቶች ከዛሬው ከአንድ አሥረኛ በታች ያደርጉታል። ሰው ቢኖር ወዲያው ታፍኖ ይሞት ነበር።

ባሕሩስ? ከላይ ጥቂት ኦክሲጅን ነበረው። ከታች ግን ምንም አልነበረውም። በአንዳንድ ቦታ ውሃው እንደተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ነበረበት። ጥልቀት በሌለው ውሃ ዳር ግን እንደ ምንጣፍ የተነጠፉ ረቂቅ ነፍሳት ነበሩ። አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረቡ እንደ ድንጋይ ክምር ያድጉ ነበር። የእነሱ ዓይነት ክምር ዛሬም በምዕራብ አውስትራሊያ ሻርክ ቤይ በሚባል ባሕር ዳር ይታያል።

ይህን ሁሉ ጊዜ ሕይወት ለምን ትልቅ አልሆነችም? ሊቃውንቱ ብዙ ምክንያት ይሰጣሉ። አንዱ የኦክሲጅን ማነስ ነው። ሌላውን ገበሬ ሳይነገረው ያውቀዋል። ማዳበሪያ አልነበረም! ሰብል ናይትሮጅንና ፎስፎረስ እንደሚፈልግ ሁሉ በባሕር ውስጥ ያሉ ነፍሳትም ይፈልጋሉ። በዚያ ዘመን ባሕር ውስጥ ይህ ጥቂት ነበር። ነፍሳቱም እንደ ከሳ ማሳ ቡቃያ በልቶ ማደር እንጂ መንዠርገግ አልቻሉም።

እስከዚህ ድረስ ከሰማችሁ አሰልቺ የሚለው ስም የሚገባው ይመስላል። ግን ቆዩ።

አሁን ዓይናችንን ከባሕሩ ላይ አንሥተን አንዲት ጠብታ ውሃ ውስጥ እንክተት። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከሕዋስ የተሠራ ነው። ሕዋስ በዓይን የማትታይ ትንሽ ክፍል ናት። ቤት ከጡብ እንደሚሠራ ሁሉ ሰውነታችን ከሕዋስ ተሠርቷል። የድሮዎቹ ሕዋሶች አንድ ክፍል ያላት ጎጆ ይመስሉ ነበር። ሁሉ ነገር አንድ ላይ ነው። ማድ ቤትም፣ መኝታም፣ ጎተራም የለዩም።

በኋላ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መጣ። ይህ ክፍል ክፍል ያለው ቤት ነው። ለዘሩ መመሪያ የሚቀመጥበት የተከለለ ጓዳ አለው። ኃይል የሚሠራበት ሌላ ክፍል አለው። ይህ የኃይል ክፍል ከየት መጣ? ድሮ ለብቻው ይኖር የነበረ ባክቴሪያ ነው። ወደ ሌላ ሕዋስ ገባ፤ አልተፈጨም፤ አልወጣም። እንግዳ ሆኖ ገብቶ ቤተሰብ ሆኖ ቀረ። የቅጠል አረንጓዴነትም እንደዚሁ ከገባ እንግዳ የመጣ ነው። ሊን ማርጉሊስ የተባለች አሜሪካዊት ሊቅ ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1967 ስትጽፍ ብዙዎች አልተቀበሏትም ነበር። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ይሰጣል።

እኔና እናንተ፣ ጤፉም፣ ላሙም፣ ዋርካውም የዚያ ባለ ክፍል ሕዋስ ልጆች ነን። ይህ ዓይነት ሕዋስ ሥር የሰደደው፣ የተለያየውና የተባዛው በዚያ አሰልቺ በተባለው ዘመን ነው።

ማስረጃው አለ። በሰሜን አውስትራሊያ 1.4 ቢሊዮን ዓመት ያለፈው ጭቃ ድንጋይ ሆኖ በውስጡ የእነዚህ ሕዋሶች ቅሪት ተገኝቷል። በሰሜን ቻይና ደግሞ 1.6 ቢሊዮን ዓመት ካለፈው ድንጋይ ውስጥ ሕዋሶች እንደ ዶቃ በአንድ ክር ተሰካክተው ተገኝተዋል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የካናዳው ነው። በሰሜን ካናዳ በብርዱ አገር ሶመርሴት የምትባል ደሴት አለች። እዚያ 1.05 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ድንጋይ ውስጥ እንደ ጸጉር የቀጠነ የባሕር ተክል ተገኘ። ኒኮላስ ባተርፊልድ የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2000 ባንጊዮሞርፋ ብሎ ስም አወጣለት። ይህች ትንሽ ነገር ሥራ ተከፋፍላለች። የታችኞቹ ሕዋሶች ድንጋዩን ጨብጠው ይይዛሉ። የላይኞቹ ወደ ብርሃን ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ሌሎቹ ደግሞ ዘር ያዘጋጃሉ፤ የእናትና የአባት ድርሻ ያለው ዘር። እጅ ለእጅ ተያይዞ መሥራት እንግዲህ ያን ያህል የቆየ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የኖራው ድንጋይ ልኬት ምን ይል ነበር? ያው 37 ይላል! መለኪያው አልዋሸም። ነገር ግን የሚለካው ሌላ ነገር ነበር። ትልቁ ሥራ ይሠራ የነበረው መለኪያው በማያየው ቦታ ነው።

ያ ዘመን ካለፈ በኋላስ ምን ሆነ? ከዛሬ 717 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር በበረዶ ተሸፈነች። በረዶው እስከ ምድር ወገብ ደረሰ። ያ በረዶ ከመምጣቱ በፊት ባሕር ውስጥ የረጋ ድንጋይ በአገራችን በትግራይ በተምቤን አካባቢ ይገኛል። የበረዶውን አጀማመር ጊዜ ለማወቅ ከረዱት ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ድንጋይ ነው። በረዶው ቀለጠ። በኋላም ኦክሲጅን ጨመረ። ከዚያ እንስሳት መጡ፤ ዓይን ያላቸው፣ እግር ያላቸው፣ የሚሮጡ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁሉ ነገር ድንገት የሆነ ይመስለዋል። ድንገት ግን አልነበረም። ዘሩ ተዘጋጅቶ ቆይቷል።

ገበሬ ወንድሞቼ፣ ያ 80 ቀን ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ መግቢያ ነው አላልኩም? እናንተ በዚያ ጊዜ ምን ትሠራላችሁ? ገመሳ፣ አይማ፣ ስልሳ እያላችሁ መሬቱን ትደጋግማላችሁ። መንገደኛ ቢያልፍ አንዲት አረንጓዴ ነገር አያይም። “ይህ ማሳ ባዶ ነው” ይላል። ሐምሌ ላይ ጤፉ ሲዘራና ሲበቅል ግን የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ በደሌ ልመለስ።

በማታ ክፍሌ አንዲት እናት ነበሩ። ዕድሜአቸው ከ50 በላይ ነው። ቀን እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። ለመማር የመጡበት ምክንያት አንድ ነው። ልጃቸው ርቆ ሄዶ ይሠራል። ደብዳቤ ሲልክ የሚያነብላቸው የጎረቤት ልጅ ነው። “የልጄን ምስጢር በሰው አፍ መስማት ሰለቸኝ” ይሉ ነበር።

ስድስት ወር ተማሩ። ‘በ’ን ከ‘ሰ’ ይቀላቅላሉ። ‘ተ’ን ከ‘ቸ’ አይለዩም። ሰሌዳው ፊት ሳቆማቸው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። በየወሩ መጨረሻ የምጽፈው ውጤታቸው ያው ነው፤ ከፍም ዝቅም አይልም።

አንድ ማታ ደክሞኝ ነበር። በሰው ሁሉ ፊት “እማማ፣ እርስዎ እኮ አሁንም እዚያው ነዎት” አልኳቸው። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ደብተራቸውን አጥፈው ነጠላቸው ሥር ከተው ወጡ። በማግስቱ አልመጡም። በሳምንቱም አልመጡም።

በሦስተኛው ሳምንት ቤታቸው ሄድኩ። ምጣዱ ፊት ተቀምጠው ይጋግሩ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ። በጥላሸት የጠቆረው ግድግዳ በሙሉ ተጭሮበታል። በእንጨት ጫፍ የተጫረ ፊደል ነው። አራት ፊደል፣ ደግሞ ያው አራት ፊደል፣ ደግሞ ያው። የልጃቸው ስም ነው። የመጀመሪያው ከታች ከመቀመጫቸው አጠገብ ነው። አንዱ ፊደል ተገልብጧል፤ አንዱ እግሩ ጎድሏል። ቦታ ሲያጡ ወደ ላይ እየወጡ ጽፈዋል። ወደ ላይ ሲወጣ እየቀና፣ እየቀና ይሄዳል። ከሁሉ በላይ ያለውን እኔም ከዚያ አሳምሬ አልጽፈውም።

“መቼ ጻፉት?” አልኳቸው።

“ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ነዋ ልጄ” አሉኝ። “አንተ ፊት እጄ እሺ አይለኝም። እዚህ ማን ያየኛል?”

እኔ ስድስት ወር ሙሉ የለካሁት ሰሌዳው ፊት ያለውን የእጃቸውን መንቀጥቀጥ ነው። ሥራው ግን እዚህ ምጣዱ አጠገብ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ይቅር አሉኝ። ወደ ክፍል ለመመለስ ግን እሺ አላሉም። “ሲስቁብኝ ሰምቻለሁ” አሉ። መልስ አጣሁ። ሬዲዮ እንደሚሰሙ ግን አውቃለሁ። ምጣዱ አጠገብ አይቻለሁ።

ስለዚህ እማማ፣ ይህን እየሰሙ ከሆነ፣ በሰው ፊት የበደልኩዎትን በሰው ፊት ልናገር። ጥፋቱ የእኔ ነው። መለኪያዬ የማያይ ነበር። በበሩ በኩል ያለው መቀመጫዎ እስከ ዛሬ አልተያዘም። ያን ማታ የሳቁትም ተጸጽተዋል። ከስምዎ በፊት የልጅዎን ስም መጻፍ ችለዋል። የቀረው ደብዳቤው ነው፤ እሱንም አብረን እንጨርሰዋለን።

እናንተም ከትምህርት የቀራችሁ አድማጮች፣ “ልቤ ድንጋይ ነው፣ ፊደል አይገባልኝም” የምትሉ፣ አስቡበት። ፀጥታ ሁሉ ሥራ ነው አልልም። ደብተሩን ሳይገልጥ የሚከርም ሰው ፊደል በራሱ አይመጣለትም። እነዚያ ሕዋሶችም በየቀኑ ይኖሩ፣ ይባዙ፣ ይሞክሩ ነበር እንጂ ተኝተው አልጠበቁም። ነገር ግን እየሞከራችሁ ለውጡ ባይታያችሁ “ምንም አልሆነም” አትበሉ። ያልታየ ሁሉ ያልተሠራ አይደለም።

በመጨረሻ፣ በቡድን ለምታነቡ የመወያያ ጥያቄዎች ልስጣችሁ። አንደኛ፣ ባለ ብዙ ክፍል ሕዋስ ከጎጆው ሕዋስ በምን ይለያል? ሁለተኛ፣ የኖራው ድንጋይ ልኬት ያልነገረን ነገር ምንድን ነው? ሦስተኛ፣ ከመካከላችሁ ከትምህርት የቀረ ሰው አለ? ቤቱ ሄዶ የጠየቀውስ ማን ነው?

ሦስተኛውን ጥያቄ በቃል አትመልሱት። በእግር መልሱት።